ቀኝ ትከሻ

ጠዋት ተነስቼ አልጋዬን አነጠፍኩ፤ ሻይ ጠጣሁ፤ የስፖርት ጫማዬን በፌስታል ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቀኝ ጉልበቴ ያብጣል።

"እማዬ፣ ወይ ታከሚ፣ ወይ ቤቱን ልቀቂና እኛ ጋ ነይ" ትለኛለች ልጄ። "የሚያነክስ ሰው ሰማይ ላይ ምን ይሠራል?"

ቤቱን መልቀቅ አልፈልግም። ሐኪሙ እግሬን እንዳጠነክር ስለመከረኝ ጂም ገባሁ።

አሠልጣኙ መስተዋት ፊት አቁሞ ቁጭ ብድግ አሠራኝ።

"እናት፣ ሲነሱ ወገብዎ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ቀኝ እግርዎ ብቻውን ይለፋል፤ ግራው እንደ ዘበኛ ቆሞ ያያል።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩት።

"የእርስዎ እንቁላል በአንድ እግሩ ነው የጀመረው።"

አጠገባችን ብረት የሚያነሳ አንድ የታክሲ ሹፌር ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ።

"በቀኝዎ ከባድ ነገር ይሸከሙ ነበር?" አለኝ አሠልጣኙ።

"አዎ።"

ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ባለቤቴ የመጨረሻ ዓመታቱን አልጋ ላይ ነበር። ቀኝ እግሬን በእግሮቹ መሃል ተክዬ፣ ክንዱን ቀኝ ትከሻዬ ላይ ጥዬ አነሳው ነበር። "ክሬኗ መጣች" ይል ነበር።

የአሠልጣኙ ደንብ አጭር ነው፤ ደካማው እግር ይጀምራል፣ ብርቱው ከእሱ አስበልጦ አይሠራም። በግራ እግሬ ዝቅተኛ ሣጥን ላይ መውጣትና መውረድ፣ ከዚያ ሁለቱን ተረከዞች እኩል ተጭኖ መነሳት። ጂም ውስጥ ተስተካከልኩ። ቤት አድሬ ወደ ጂም ስመለስ ግን ያው ነኝ፤ ጉልበቴም አበጠ።

"ቤት ምን ላይ እየተቀመጡ ነው የሚለማመዱት?"

"አልጋ ጠርዝ ላይ።"

በየትኛው በኩል እንደሆነ አልነገርኩትም። ባለቤቴ ይተኛበት በነበረው በኩል ነው፤ እዚያ ስቀመጥ ሰውነቴ የሚነሳው እሱን እንደያዘ ሆኖ ነው።

"አልጋውን ይተዉት" አለኝ አሠልጣኙ። "ወንበር ይጠቀሙ።"

ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ወንበር ወደ ሳሎን አወጣሁ።

ክረምቱ ሲያበቃ ልጄ ልትጠይቀኝ መጣች። ደረጃውን አብረን ወጣን።

"እማዬ፣ ቆይኝ እንጂ" አለች ከኋላዬ እያለከለከች።

"ሰማይ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

ስለ ቤቱ ዳግም አላነሳችም። ጉልበቴ አያብጥም። በመስተዋቱ ውስጥ ሁለቱ ትከሻዎቼ እኩል ናቸው። በቀኜ ዝቅ ብሎ የባለቤቴን ክንድ ይቀበል የነበረው ትከሻ የለም።