ኪት "ጎማ!" ብሎ ያልጮኸበት ቀን

ሙዚየሙ ውስጥ አውሮፕላኗን ከጣሪያው ላይ በሽቦ ገመድ አንጠልጥለዋታል። ጎማዋን ግን ወደ ታች ዘርግተው! ከሥሯ ደግሞ ባሕር ነው ብለው ሰማያዊ ምንጣፍ አንጥፈዋል። እኔ መርቭ ፖኮክ፣ ዘጠናን ያለፍኩ ሰውዬ፣ በሄድኩ ቁጥር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆሜ "ጎማውን ሰብስቡት! ሰዎቹን ልትጨርሷቸው ነው እንዴ?" እያልኩ እጮሃለሁ። አስጎብኚዋ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። አሁን አሁን ገና ከሩቅ ስታየኝ ወንበርና ውሃ ይዛልኝ ትመጣለች። ያበደ ሽማግሌ መስያታለሁ። ይምሰላት።

እንዲህ ያለችው አውሮፕላን የእኛም የጦር መርከብ ላይ ነበረችን። መርከቡ መሐል ባለው ማስወንጨፊያ ላይ ትቀመጣለች። ጠላት የት እንዳለ ማየት ሲያስፈልግ በባሩድ ትወነጨፋለች፤ ስትመለስ ባሕሩ ላይ ታርፍና እኛ በክሬን አንስተን ቦታዋ እንመልሳታለን። ሆዷ ጀልባ ነው፣ ክንፏ ድርብ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ መልኳ ለዓይን የሚያስጠላ። ዳክዬ ነበር የምንላት። የብስ ላይም እንድታርፍ ጎማ አላት። ታዲያ ጎማዋን ዘርግታ ባሕር ላይ ካረፈች አለቀላት። ውሃው ጎማውን ቀጨም ያደርገውና በአፍንጫዋ ይተክላታል፣ ትገለበጣለች፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከነቀበቷቸው ተዘቅዝቀው ውሃ ውስጥ ይቀራሉ።

አንድ ሌላ መርከብ ላይ ሁለት ሰዎች እንዲያ ሆነው ስለሞቱ ካፒቴናችን ደንብ አወጣ። ባሕር ላይ ከማረፋቸው በፊት፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሬዲዮ ሠራተኛ ወደ አብራሪው ተጠግቶ "ጎማ!" ብሎ መጮህ አለበት። አብራሪው አይቶ "ተሰብስቧል!" ብሎ ይመልሳል። በቃ፣ ሁለት ቃል ነው።

ሬዲዮ ሠራተኛው ኪት ደንስታል ነበር፣ ጓደኛዬ። ከከተማችን ከፖርት ፒሪ አንድ ቀን፣ በአንድ ባቡር ነው ባሕር ኃይል ልንገባ የሄድነው። እኔን ክሬን ላይ መደቡኝ፣ እሱን አውሮፕላኗ ላይ። ኪት ሲፈጥረው ጠንቃቃ ነው፤ ደብዳቤ እንኳ ካሸገ በኋላ መልሶ ከፍቶ የሚያነብ። ድምፁ ደግሞ ቀጭን ነው። አንድ ቀን ሲድኒ ወደብ ቆመን አውሮፕላኗን በክሬኔ አንጠልጥዬ ውሃ ላይ ሳወርዳት፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ባለበት፣ ኪት ሆዬ ደንብ ደንብ ነው ብሎ "ጎማ!" አለላችሁ። ጭራዋን የረገጧት ድመት! ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ እኔ መች ለቀቅኩት! ምሳ ላይ ማንኪያ ሲያነሳ "ጎማ!"፣ ሊታጠብ ሲገባ "ጎማ!"፣ መኝታው ላይ ሲወጣ "ጎማ!"። እኔ አወጣለሁ፣ ሠላሳ ሰው "ተሰብስቧል!" ብሎ ይቀበለኛል። ኪት በመጀመሪያው ወር አብሮን ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ወር መሳቁን ተወ።

"መርቭ፣ ይበቃል" አለኝ አንድ ቀን፣ ልብሳችንን እያጠብን። "ስም ሆኖ ቀረብኝ እኮ። መኮንኖቹ ሳይቀሩ 'ጎማ' እያሉኝ ነው።"

"አንተ ደግሞ! ቀልድ አይገባህም እንዴ? ስለሚወዱህ ነው።"

"ውደዱኝ ብዬ ማንን ለመንኩ?"

አልተውኩም። ምን ነክቶኝ እንደነበር እንጃ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እሱ ነው እውነቱ።

ከዚያ ጃፓኖች በሰሜን ወዳለችው የወደብ ከተማ፣ ወደ ፖርት ሞርስቢ፣ እየመጡ ነው ተባለና ወደ ሰሜን ወጣን። በመንገድ ላይ ኪት እንዲህ አለኝ፦ "ደስ ይበልህ፣ አሁን መጮሁን ትቻለሁ። አብራሪው ሌተና ሃላም እንኳ ስጮህ ይስቅብኝ ጀመር። በመስኮት አጎንብሼ ራሴ አያለሁ። ጎማው ከወረደ ትከሻውን መታ አደርገዋለሁ።"

"ተገላገልክ በላ!" አልኩት። "የእኛም ጆሮ አረፈ።"

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ወደ ማታ ላይ፣ አውሮፕላኗ መልእክት ይዛ ፖርት ሞርስቢ ሄደች። ሦስቱም፣ አብራሪው ሃላም፣ መንገድ መሪውና ኪት፣ እዚያው አየር ማረፊያ አድረው ጠዋት ተነሡ። ከየብስ ነው የተነሡት፣ በጎማ። በሬዲዮ መነጋገር ክልክል ነበር፤ ጠላት ይሰማል። ያን ዕለት ንጋት ላይ ደግሞ ጠባቂያችን የጠላት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ማያ ቱቦ ይሁን ሌላ ያልለየለት ነገር ከውሃው ብቅ ብሎ አይቷል። በዚህ ላይ አውሮፕላን ለማንሳት መርከቡ መቆም አለበት። ሰባት መቶ ሰው የጫነ መርከብ ባሕር መሐል ሲቆም፣ እዚያ ታች ሆኖ ለሚያነጣጥር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማንኛችንም የተሰወረ አልነበረም።

አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን የአውሮፕላኗ ሞተር ተሰማ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ተናገረ፦ "አራት ደቂቃ እቆማለሁ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ከተሰቀለች ተሰቀለች። ካልሆነ እንሄዳለን።"

ነዳጇ መልሶ የብስ አያደርሳትም። ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን።

መርከቡ ክብ ዞረ። እንዲህ ሲዞር በጀርባው ማዕበሉን ይደመስስና ለትንሽ ጊዜ ለጥ ያለ ውሃ ይተዋል፤ አውሮፕላኗ የምታርፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ። ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልወደውም። እኔ የክሬኑን ክንድ ወደ ባሕሩ ዘርግቼ ጠበቅኩ። ክንዱ ሲዘረጋ ለአብራሪው "ና፣ ዝግጁ ነን" ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ "አትምጣ" ነው። ከማዘዣው ማማ ትእዛዝ ሳይመጣ አንድ ጣት ታክል ያንቀሳቀሰው ሰው እስር ቤት ይገባል።

አለቃዬ ስኩሊ አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን እያየ "አንድ ደቂቃ ሄደ" አለ።

አውሮፕላኗ ከፀሐይ በኩል መጣች። ቁልቁል ቁልቁል አለች። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ያውለበልቡላት ጀመር፤ እኛ ዘንድ ተመላሽ ሁልጊዜ በባርኔጣ ነው የሚቀበሉት። እኔም ላውለበልብ እጄን አነሳሁና እዚያው አቆምኩት።

ጎማዋ ወርዷል። ሁለቱም።

ኪት አልጮኸም፣ አልኩ በሆዴ። እኔ ነኝ አፉን ያዘጋሁት።

"ስኩሊ! ጎማው!" አልኩ።

"ምን?" ስኩሊ ከመድፉ ብዛት አንድ ጆሮው አይሰማም፤ በዚያ ላይ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው።

"ጎማው ወርዷል! ጎማ!"

"ዛሬም ቀልድ ያምርሃል?" አለኝ። "ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ!"

የእጄን ነው ያገኘሁት፣ ሌላ ምን ይበለኝ። ሁለት እጄን አንስቼ እንደ እብድ አራገብኩ፣ ተመለሱ፣ ተመለሱ እያልኩ። መርከቡ ሙሉ እያውለበለበ የእኔን ማን ይለየዋል? ኪት ከኋላ በኩል አንገቱን አውጥቶ ነበር። አየኝ። እየሳቀ እጁን አውለበለበልኝ።

ውሃውን ልትነካ የአንድ ቤት ቁመት ያህል ሲቀራት የክሬኑን ማንቀሳቀሻ ዘንግ በሁለት እጄ ጎተትኩት። የክሬኑ ክንድ እያጓራ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ስኩሊ ኮሌታዬን አንቆ ጎተተኝ፤ "ከሃዲ! ምን አደረግክ?" እያለ ክንዴን ደበደበው። እኔ ግን ዘንጉን አልለቀቅኩም። አውሮፕላኗ ሞተሯን አስጮኸች፣ ጎማዋ ለጥ ያለውን ውሃ በጥቂቱ ጨረፈው፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ በላያችን አለፈች።

"ማነው ክሬኑን የነካው?" አለ ከላይ በድምፅ ማጉያው።

"ጎማዋ ወርዷል፣ ጌታዬ! ጎማዋን እዩ!" ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ እንደ ኪት። ማንም አልሳቀም።

ከላይ ያሉት መነጽር አነሡ። ስኩሊ ኮሌታዬን ለቀቀኝና ሰዓቱን አየ፤ "ሁለት ተኩል" አለ፣ አሁን በሹክሹክታ።

በብርሃን ምልክት የሚነጋገረው ሰውዬ መብራቱን ወደ አውሮፕላኗ አዞረና ያንኑ አንድ ቃል ደጋግሞ ላከ። ለጥ ያለው ውሃ መሰባበር ጀምሯል። እኛ ባሕሩን እናያለን፣ ከዚያ አውሮፕላኗን፣ ከዚያ ደግሞ ባሕሩን። አንዱ "ያ ምንድነው? ያ፣ በግራ በኩል!" ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ወደ ግራ ዞርን። ዶልፊን ነበር።

ቀስ ብሎ አንደኛው ጎማ ተነሣ። ሌላኛው እምቢ አለ። በእጅ በሚገፋ ፓምፕ ነው የሚሰበሰበው፤ ሃላም እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚገፋ ታየኝ። "ሦስት ተኩል" አለ ስኩሊ። በስተመጨረሻ ሁለተኛውም ወጣ። ክንዱን መልሼ ዘረጋሁ።

ያረፈችው ሻካራ ውሃ ላይ ነው፣ እየነጠረች። ኪት ላይኛው ክንፍ ላይ በደረቱ ተሳበና ተነሥቶ ቆመ። የማወርድለትን መንጠቆ መያዝ የእሱ ሥራ ነው። አንዴ ሳተው። ከላይ "አራት ደቂቃ!" ተባለ፣ እግራችን ሥር የመርከቡ ሞተር ተንቀጠቀጠ። መሄዳችን ነው። በሁለተኛው መንጠቆውን ያዘ፣ አስገባው፣ እጁን አነሣ። መርከቡ እየሄደ፣ አውሮፕላኗ ውሃ እያንጠባጠበች፣ ኪት አናቷ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ጎተትኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል?

ካፒቴኑ ራሱ ወረደ። እኛን ሁላችንንም አውሮፕላኗ ሥር አሰለፈን።

"'ጎማ' ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነው?" አለ።

"የእኔ ነው፣ ጌታዬ" አለ ኪት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"ጠየቅክ?"

"አልጠየቅኩም። በመስኮት አያለሁ ብዬ ነበር፤ መስኮቱ በጨው ተሸፍኗል፣ አይታይም።"

"ደንቡ ጩህ ነው የሚለው። ስድስት ወር ሙሉ ስትጮህ ኖረህ ዛሬ ለምን ተውክ?"

ኪት አየኝ። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ ዝም ብሎ አየኝ፣ ምን ትላለህ እንደማለት። ሌተና ሃላም ጫማውን ያይ ነበር። እኔ ምላሴ ተሳሰረ። አንድ እርምጃ ወደፊት ብዬ "እኛ ነን ያሳቀቅነው፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት" ብል ምን እሆን ነበር? ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢያስሩኝ ነው።

"ረሳሁ፣ ጌታዬ" አለ ኪት።

ካፒቴኑ "ሁለተኛ አትበርም" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጥሩ ዓይን አለህ፣ ፖኮክ። ሦስት ሰው አድነሃል።" እጄን ጨበጠኝ።

"አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ" አልኩ። ለዚህስ ምላሴ ተፈታ!

በአሥራ አምስተኛው ቀን ኪትን ወደ ሌላ መርከብ ላኩት፣ ታች በመርከቡ ሆድ ውስጥ ወዳለ ሬዲዮ ክፍል። ቦርሳውን እስከ መውረጃው ድረስ ተሸከምኩለት። "ኪት፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

"ተወው ባክህ፣ አሁን ምን ሊረባኝ" አለ። ደረጃውን ወርዶ ወደቡ ላይ ሲደርስ ዞረና በዚያ ቀጭን ድምፁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጎማ!" አለኝ።

ይኼኔ "ተሰብስቧል!" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ትንሽ ጠበቀኝና ቦርሳውን አንግቶ ሄደ።

እሱ የተላከበት መርከብ በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ሰለሞን ደሴቶች አጠገብ ሰጠመ። ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አንድም አልወጣም። የእኛዋ ዳክዬ ጦርነቱ እስኪያልቅ ስትበር ኖረች፤ ሃላምም፣ መንገድ መሪውም፣ በኪት ቦታ የተተካው ሰውዬም በሰላም ቤታቸው ገቡ።

ከጦርነቱ በኋላ ፖርት ፒሪ ስመለስ እናቱ ሚስስ ደንስታል አስጠሩኝ። ሻይና ኬክ አቀረቡልኝ። ሦስት ሰው ያዳንክ ነህ ብለው አመሰገኑኝ፤ ኪት በደብዳቤ ጽፎላቸዋል፣ የእኔን ጀግንነት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ፣ መርቭ። ከአውሮፕላኑ ያወረዱኝ ስለረሳሁ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ኪት ይረሳል? ልጅ ሆኖ በር ተቆልፎ እንደሆነ ሦስቴ ተነሥቶ የሚያይ ልጅ ነበር። አንተ እዚያ ነበርክ። እውነት ረስቶ ነው?"

ኬኩ አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት።

"ሰው ነው፣ ሚስስ ደንስታል" አልኩ። "ይረሳል።"

እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሻይ ደገሙልኝ።