ለየኔነሽ የተደበቀ መርዶ

«እሷ ናት ያረዳቻት» አለች ምንዳዬ፣ የንፍሮውን ሳህን ሰርክአዲስን አሳልፋ ቀጥላ ለተቀመጠችው ሴት እያቀበለች። «እብድ ለእብድ መርዶ ተነጋግሮ ልጅቷን በላት።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ለቅሶ ቤት ሰው ሲታማ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፤ ለሟች ክብር ነው ይባላል። ዝቅታው ግን ተለክቶ ነው፤ የሚታማው ሰው ጆሮ ጋ እንዲደርስ ሆኖ። ሰርክአዲስ ጆሮ ጋ ደረሰ። ባዶ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን ሁለት ፎቶግራፎች ማየቷን ቀጠለች።

አንደኛው የየኔነሽ ነው፤ ከመታወቂያዋ ላይ ተነሥቶ ስለ ተለቀ ፊቷ ደብዘዝ ብሏል። ሌላው የእናቷ ነው። እናት ደብረ ታቦር ላይ ካረፉ ሰነባብተዋል፤ ልጅ ደግሞ ከትናንት በስቲያ እዚሁ ኻርቱም ተቀበረች። አሁን ለሁለቱም ባንድ ላይ ይለቀሳል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ «የእናትሽን መርዶ ሰምተሽ ተከተልሻት» ይላሉ። ልጅቷ ግን የእናቷን ሞት ሳትሰማ ነው የሞተችው። ይህን በእርግጠኝነት የምታውቅ በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ንፍሮ ያልደረሳት ናት።

ምንዳዬ የየኔነሽ የአጎት ልጅ ናት። ዴም ሰፈር ውስጥ ግቢ ተከራይታ ክፍል ክፍሉን ለሀበሻ ታከራያለች፤ ለቅሶው የተቀመጠው በዚሁ ግቢ ነው፤ ሰርክአዲስም በግቢው ጥግ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ትኖራለች። ስለዚህ ከለቅሶው ተነሥታ ብትሄድ እንኳ የምትሄደው ወደዚያው ወደ ምንዳዬ ቤት ነው።

አጠገቧ የተቀመጠው ጌታሁን በክርኑ ነካ አደረጋት። አል-ማንሺያ ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነበር፤ ከአእምሮ ሆስፒታል ከወጣ ብዙ አልቆየም።

«እትዬ ሰርኬ» አላት በጆሮዋ፣ «እዚያ ጣሪያ ላይ ፍየል አለች ወይስ የለችም?»

ሰርክአዲስ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየች። «አለች። የጎረቤት ናት፤ በግንቡ በኩል ወጥታ ነው።»

«እሺ» አለና ንፍሮውን ወደ አፉ ወረወረ። ትከሻው ወረደ።

የሰርክአዲስ ሥራ ይህ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ስምም የለውም። ከዓመታት በፊት እሷ ራሷ ኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትወጣ የሚቀበላት አልነበረም። ፌስታሏን አንጠልጥላ በድልድዩ ላይ በእግሯ ተሻገረች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሰው ቦታ ለቀቀላት፤ አክብሮት መስሏት ነበር፣ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሲስቡ እስክታይ ድረስ። ከዚያ በኋላ አንድም ሀበሻ በዚያ በር ብቻውን እንዳይወጣ ብላ ከራሷ ጋር ተማማለች። ጁምዓ ጁምዓ፣ ከሥራ በምታርፍበት ቀን፣ በአውቶቡስ ትሻገርና የበሩን ዘበኛ «ዛሬ የሚወጣ ሀበሻ አለ?» ትለዋለች። ዘበኛው አንዳንዴ ይነግራታል፤ አንዳንዴ ከውስጥ ያመለጠች መስሎት «ያላ፣ ግቢ» ይላታል።

የወጣውን ሰው በራክሻ፣ በባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ ይዛው ትመጣለች። ክፍል ትፈልግለታለች፣ መድኃኒቱን ሊያመጣ ሲሄድ አብራው ትሄዳለች፣ ቅዳሴ አጠገቡ ትቆማለች። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪም የማይሰጠውን አንድ ነገር ትሰጣለች፤ መልስ። የሌለ ነገር ያየ፣ ያልተባለ ነገር የሰማ ሰው፣ ያየውንና የሰማውን የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ሐኪሙ በወር አንዴ ነው። ጎረቤት ይስቃል፣ ወይ ይሸሻል። ሰርክአዲስ ግን «ጠይቁኝ» ትላለች፤ «ካለ አለ እላለሁ፣ ከሌለ የለም እላለሁ። አዝኜላችሁ እንኳ አልዋሽም።»

የኔነሽ መጀመሪያ የጠየቀቻት በዚያው በወጣችበት ቀን፣ ራክሻው ውስጥ ነው።

«ሾፌሩ ስለ እኔ እያወራ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እያወራ ነው። ‹ቀጭኗ የት ነው የምትወርደው› ነው ያለው።»

የኔነሽ መጀመሪያ አፈጠጠች፣ ከዚያ ሳቀች። ሾፌሩም ሳያውቀው አብሮ ሳቀ። ሕመሟ ያ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከኋላዋ የሚያንሾካሽክባት ይመስላት ነበር። ነገር ግን ጠይቃ «የለም» ከተባለች የምታምን ልጅ ነበረች፤ እየጠየቀች እየጠየቀች የሹክሹክታው ዓለም ጠበበ። አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ቤት ሥራ ገባች። የቤቱን ሴት ልጆች ፀጉር ትሠራለች፣ ዜማው የማይገጥም ዘፈን ስታንጎራጉር ልጆቹ ጆሯቸውን ይደፍናሉ። እሑድ እሑድ እናቷ ጋ ትደውላለች። እናትየው ስልኩን ገልብጠው ስለሚይዙ ግማሹ ጨዋታ «እማዬ፣ አዙሪው» ነው። ሰርክአዲስ እንደ የኔነሽ የኮራችበት ሰው የለም፤ ይህን ደብቃም አታውቅም።

ከዚያ እናትየው ሞቱ። ስልኩ የተደወለው ለምንዳዬ ነበር። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ቤቷ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳት። እስከዚያ ሁሉም ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ወጉ እንዲህ ነው፤ ለጤነኛ እንኳ እንዲህ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጥጋቡ ደግሞ ለየኔነሽ ጨመር አደረጉበት።

«ጭንቅላቷ ገና አልጠናም» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ እናረዳታለን።»

«ጋሽ ጥጋቡ፣ እኔን ትጠይቀኛለች» አለች ሰርክአዲስ። «ከጠየቀችኝ ምን ልበላት?»

«የለም በያት።»

«እኔ እኮ አልዋሻትም። እሷ የቆመችው በዚሁ ነው።»

«ሰርክአዲስ» አሉ ጋሽ ጥጋቡ በጣም በለዘበ ድምፅ፣ «ነግረሻት ብታብድ ባንቺ አንገት ነው። ማርያምን በዪ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ሟች ሬሳ ቤት ሲያድር አብረው የሚያድሩ ሰው ናቸው። ሰርክአዲስም ማርያምን አለች። አንዴ እብድ የተባለ ሰው፣ ጤነኞች ሲያስጠነቅቁት ከማንም በላይ ይፈራል፤ ልክ እንደሆነች እያወቀች እንኳ ፈራች።

ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሰው አንድ ምስጢር ጠበቀ፣ ያ ሁሉ ሰው ምስጢር እንደሚጠብቀው አድርጎ። የኔነሽ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። የማታውቃቸው ሴቶች አንገቷን አቅፈው አይለቋትም። ምንዳዬ ጥቁር ሻሽ አስራ ቆይታ እሷ ስትመጣ ፈትታ ፍራሽ ሥር ትከተዋለች። ስልክ ልደውል ስትል «ደብረ ታቦር ሸበካ የለም» ይሏታል፤ ኔትወርክ ተቋርጧል ነው። በሚቀጥለው እሑድም የለም።

አንድ ጁምዓ ዓባይ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳለ የኔነሽ ጠየቀች።

«እትዬ ሰርኬ፣ ስገባ ዝም ይላሉ። ምንዳዬ እኔን ስታይ ሻሽ ደበቀች። የሆነ ነገር ይዘውብኛል፤ ያንሾካሽኩብኛል። አለ ወይስ የለም?»

ሰርክአዲስ ውሃውን አየች። «የለም» አለች።

«በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ የኔነሽ። የለም።»

የኔነሽ አልተከራከረችም። ብትከራከር ምን ነበር። «እንግዲያው ተመልሶ መጥቶብኛል ማለት ነው» አለች፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ የሰርክአዲስን እጅ ስባ ሳመችው። «አንቺ ባትኖሪ እውነት ይመስለኝ ነበር።»

በዚያ ሳምንት ሹክሹክታውን ዝም ለማሰኘት በኪኒኑ ላይ ኪኒን ጨመረች። ለመሞት አልነበረም፤ ለመዳን ነበር። ሹክሹክታው ግን የምንዳዬና የጎረቤቶቿ እንጂ የጭንቅላቷ ስላልነበረ አላቆመላትም። ምንዳዬ ቤት መጥታ በገመድ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ሰሟት። በማግሥቱ ሊቀሰቅሷት ቢሄዱ አልነቃችም። ያ ልቅሶ ነው እንግዲህ ማስረጃ የሆነው። ያለቀሰችው መርዶ ሰምታ ነው ተባለ፤ የነገራት ማን ነው ተባለ፤ ከሰርክአዲስ ሌላ ማን አላት ተባለ።

የሣልስቱ ፍትሐት አልቆ ቄሱ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ጥጋቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። 

«ሰርክአዲስ፣ በዚህ ቤት ብዙ ተወርቷል። እኔ ሐሜት አልወድም። ማርያምን ብለሽልኝ ነበር፤ ነገርሻት ወይስ አልነገርሻትም? አልነገርኳትም ካልሽ አምንሻለሁ። ምንዳዬም እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቅሻለች።»

በር ተከፍቶላታል። ‹አልነገርኳትም› ብትል እውነት ነው፤ ስሟ ይነጻል፣ ክፍሏ ይተርፍላታል። ነገር ግን ጌታሁን አጠገቧ ተቀምጦ አገጩን ቀና አድርጎ ያያታል። የኔነሽ እንደ እሱ ጠያቂ እንደ ነበረች ያውቃል። ‹አልነገርኳትም› ብትል ቀጥሎ የሚያስበውን ሰርክአዲስ ከእሱ ቀድማ አሰበችው፤ የኔነሽ ጠይቃታለች፣ ስለዚህ ዋሽታታለች፤ እኔንስ? ከዚያ ወዲያ ፍየሏን ማን ይነግረዋል? ‹ሁቡቡ፣ ኪኒኑ፣ መርዝ ነው› ሲሉት ለነበሩት ድምፆች ማን ይመልስለታል? የኔነሽን አጥታለች። ይኼኛውን ማጣት አልቻለችም።

«ነግሬያታለሁ» አለች።

ምንዳዬ ብድግ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ወረወረችባት። «ኻላስ። ከቤቴ ውጪልኝ፤ ዛሬውኑ።»

ጋሽ ጥጋቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ለሷው ብለን ነበር» አሉ፣ ለማን እንዳሉት ሳይታወቅ። ሴቶቹ ልቅሶውን እንደ አዲስ አነሡት። ጥፋተኛ የተገኘለት ልቅሶ ይቀላል፤ ዜማው አማረ፣ እንባውም ፈሰሰ።

ሰርክአዲስ ልብሷን በአንሶላ ጠቅልላ ግቢው ውስጥ፣ የውሃው ዚር፣ የሸክላው ጋን፣ አጠገብ ቆመች። ጌታሁን ተከትሏት ወጣና ግንቡ ሥር ቁጢጥ አለ።

«አውቄ ነበር» አላት። «አንቺ አትዋሺም።»

ደስ አላት። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ደስ ይላል ብላ ያላሰበችው ደስታ ተሰማትና ወዲያው አፈረችበት። ጌታሁን ግን አልጨረሰም ነበር። መሬቱን በጣቱ እየጫረ ቆየ።

«እትዬ ሰርኬ፣ እውነቱን ነገርሻት፣ ሞተች።»

«ጌታሁን…»

«ወላሂ አልወቅስሽም። እውነት መናገር ልማድሽ ነው። እኔ ግን ገና ሠላሳ ዓመቴ አልሞላም።» ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኖቹ የክፋት አልነበሩም፣ የፍርሃት ነበሩ። «ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። አንቺም እንዳትነግሪኝ። መዓሌሽ፣ ይቅርታ።»

አፏን ከፈተች። እውነት አይደለም የገደላት፣ ዋሽቼ ነው የገደልኳት ልትለው። ይህን ብትለው ምን እንደሚሆን አሰበችና አፏን ዘጋች።  የኔነሽን የቀበረችው ገና አሁን መሰላት፤ ያለቀሰችውም ከሦስቱ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

«ጌታሁን» የሚል የጋሽ ጥጋቡ ድምፅ ከቤት ውስጥ መጣ። «ና እስኪ፣ አግዳሚውን አንሣልን።»

ጌታሁን ደንገጥ ብሎ፣ በልማድ፣ ድምፁ አለ ወይስ የለም ሊላት ወደ ሰርክአዲስ ዞረ። ልትነቀንቅለት ስትል ግን ዓይኖቹን ጨፈነ። ሁለት መዳፎቹን ጆሮዎቹ ላይ ለጥፎ ጭንቅላቱን በጉልበቶቹ መሃል ቀበረ።

«ጌታሁን፣ አትሰማም እንዴ?»

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ ነው። ጋሽ ጥጋቡ ሲጣሩ ሲጣሩ ወደ በሩ መጡ። ሰርክአዲስ ጥቅሏን መሬት ላይ አስቀምጣ በአጠገባቸው አልፋ ገባች፣ አግዳሚውንም በአንድ ጫፍ አነሣች። እሳቸውም ሌላውን ጫፍ ያዙ።