ከተጠራጠራችሁ ደውሉ

በሙከራ ክፍሉ ያለው የመድኃኒት ፍሪጅ ሙቀቱ ከልክ አልፎ እየወጣ ነው፤ ደወሉ ግን ጭጭ ብሏል። የመመሪያ ጸሐፊዋ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ኤአይ ረዳቱ እሷ የጻፈችውን መመሪያ አንብቦ፣ ደወሉ ሳይዘገይ እንዲጮህ ሲታዘዝ የመዘግያ ጊዜውን ቁጥር ዜሮ አድርጎታል። በዚህ የማስተካከያ ፕሮግራም ደግሞ ዜሮ ከሆነ ደወሉ ጭራሽ ይጠፋል። መመሪያው ይህን አይናገርም። ደግነቱ ፍሪጁ ውስጥ ያለው የውሃ ጠርሙስ ብቻ ነው።

"ለምን አልጠየቀም?" አለ ኃላፊዋ።

"ምን ብሎ ይጠይቅ? አልተጠራጠረም እኮ።"

የመመሪያው እያንዳንዱ ገጽ የሚያበቃው "ከተጠራጠራችሁ ደውሉ" በሚል ነበር። የሆስፒታል ነርሶችም ፋርማሲስቶችም ወደ ድርጅቱ ይደውላሉ። ስልኩን የሚያነሳው እዚሁ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ነው። የፕሮግራሙን አመል ሁሉ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ማንም ቁጭ ብሎ ልጻፈው ብሎ አያውቅም። እሱም በዚህ ደረቱን ነፍቶ ኖሯል።

"ከሰኞ ጀምሮ የሆስፒታሎቹን ፍሪጆች የሚያስተካክለው ረዳቱ ነው" አለ ኃላፊዋ። "ወንድምሽ የሚያውቀውን ሁሉ ጠይቂውና ጻፊ። ይሄ ነገር ያነበበውን ነው የሚያደርገው።"

ወንድሟ ስልክ አነጋግሮ እስኪጨርስ ጠበቀችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ለምን እንደመጣሁ ሳትሰማ አትቀርም።"

"ሰምቻለሁ። ጉድጓዴን ራሴን ልታስቆፍሪኝ ነው።"

"እንዲህ አትበል።"

"ታዲያ ምን ልበል? ፀጉሬ የሸበተው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ሁለት ሴት ልጆች ይዤ የት ልግባ? የልጆቼን ጉሮሮ በገዛ እጅሽ ልትዘጊው ነው?"

አባታቸው ከሞተ ወዲህ አሳድጎ ያስተማራት እሱ ነው። አንገቷን ስትደፋ ልቡ የራራ መሰለ።

"በይ ጻፊ" አለ።

እሱ እየነገራት ጻፈች። የቱ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ፣ የቱ መቼ እንደማይነካ፣ የቱ ከየቱ በፊት እንደሚቀድም አንድ በአንድ አስረዳት። መሃል ላይ እንደ ልማዱ መቀለድ ጀመረ፤ አንዷን ነርስ ፍሪጁን እሹሩሩ በይው ብሏት የምሯን እሺ እንዳለችው ሲያወራ ሁለቱም ሳቁ። ደስ አላት። ያኮረፋትን ወንድሟን መልሳ ያገኘችው መስሏት ነበር።

"ፍሪጁን ቶሎ የሚያበርደው ፈጣን ማቀዝቀዣስ?"

"እሱ ቀላል ነው። ረዳቱ ይክፈተው፤ ሲበቃው በራሱ ይጠፋል።"

ጣቶቿ ቆሙ። በራሱ አይጠፋም። እቤት እራት ላይ ሆኖ እንኳ ስልክ እያነሳ፣ "እህቴ፣ ራስሽ አጥፊው፤ ከረሳሽው ኢንሱሊኑ በረዶ ይሆናል። ሲሟሟ ደግሞ ተበላሽቶም ደህናውን ይመስላል፤ ለበሽተኛ ትሰጪዋለሽ" ሲል ስንቴ ሰምታዋለች።

"ጋሼ፣ በራሱ ይጠፋል?"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ቀና ብሎ አላያትም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መለሰ። "ያልኩሽን ጻፊ።"

ያኔ ገባት። ረዳቱ አንድ ጊዜ እንዲሳሳትና ሁሉም ተመልሰው ወደ እሱ እንዲመጡ ነው የፈለገው። እስከዚያ ድረስ ያንን መድኃኒት የሚወጋው ሰው ማን እንደሆነ አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አልፈለገም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ፈራችው።

ሙከራ ክፍሉ ገብታ ፈጣን ማቀዝቀዣውን ከፈተችና ተሳስቼ በሆነ እያለች ጠበቀች። ከሰዓት በኋላ የጠርሙሱ ውሃ ግግር በረዶ ሆኖ እንኳ ሞተሩ ያጓራል። የእሱን ዓረፍተ ነገር አጠፋችና ጻፈች፦ "ፈጣን ማቀዝቀዣው በራሱ አይጠፋም። ሙቀቱ ከታዘዘው ልክ ሲደርስ ወዲያውኑ አጥፋው። መጥፋቱን ሳታረጋግጥ ሥራውን ጨርሻለሁ አትበል። ማረጋገጥ የማትችል ከሆነ አትክፈተው።"

ረዳቱ አዲሱን መመሪያ አንብቦ ፈተናውን ሁሉ አለፈ። ኃላፊዋ ቢሮው ጠርቷት በሩን ዘጋ።

"እውነቱን ንገሪኝ፤ ወንድምሽ የደበቀው ወይም ያጣመመው ነገር የለም? ካለ ያለ አንዳች ካሳ ነው የማባርረው፤ ሌላም ቦታ እንዳይቀጠር አደርጋለሁ። ሁሉንም ከነገረሽ ግን በወጉ፣ ካሳውንና የሥራ ልምዱን ይዞ ይሰናበታል።"

ያም ሆነ ይህ መሰናበቱ አልቀረለትም። በመስታወቱ በኩል አየችው፤ ከደወለለት ሰው ጋር እየሳቀ ነው። በሽተኞቹን አሰበች፤ ልጆቹንም አሰበች።

"ያስቀረው የለም" አለች። "ፈጣን ማቀዝቀዣውንም የነገረኝ እሱ ነው።"

"ጥሩ። የስንብት ደብዳቤውን ነገ የሰው ኃይል ክፍል ይሰጠዋል።"

"አይ" አለች፤ ስልኩ በእሱ እጅ አንድ ቀን እንኳ እንዲቆይ አልፈለገችም። "ዛሬ ይጻፍና እኔው ልስጠው።"