የመንገደኛ ችቦ

እንኳየሁ በልጇ መማል የተወችው ሚያዝያ ላይ ነው። ዱሮማ አፏን በከፈተች ቁጥር «ታከለ ይሙት!» ነበር። ሽንኩርት ስትገዛ ታከለ ይሙት፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን ስትቆጣ ታከለ ይሙት፣ እንግዳ ከማዕድ ሊነሣባት ሲል «ታከለ ይሙት፣ አንድ ጉርሻ!»። በአንድ ልጇ እንዲህ ስትምል ውላ የምታድር ሴት በጎንደር አልታየችም። ሚያዝያ ውስጥ ግን አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ልጁን የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ያ መሐላ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ፈራችው። እናት ናታ፣ ምን ታድርግ!

የት እንዳለ የሚነግራት ጠፋ። ስንቅ ቋጥራ ወህኒ ቤት ሄደች፤ «እዚህ የለም» አሏት። ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ውዱ ትናንት ፒያሳ ተቀምጦ ራዲዮ ሲጠግን የነበረ፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከእሷ ዶሮ የማይቀር ሰው ነው። እሱም ወረቀቱን እያገላበጠ «እናቴ፣ አብዮቱ ልጅዎን አያውቀውም» ብሎ መለሳት። ዶሮዋን ሲያውቀው እንዴት ልጇን እንዳላወቀው እንጃ!

ሐምሌ ሲገባ ግን አበቡ መጣች። አበቡ ከጃናሞራ ገብስና ማር በበቅሎ እየጫነች ጎንደር ድረስ የምታመጣ ነጋዴ ናት፤ እነ እንኳየሁ ደንበኞቿ ናቸው። በሩን ዘጋ አድርጋ «መካነ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ ረዘም ያለ ሸጋ ልጅ አየሁ» አለቻት። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ካገር ልጆች ጋር ሸሽቶ ነው አሉ። ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል።»

እንኳየሁ ሌላ አልጠየቀችም። ማይልኝ እንኳ አላለቻትም፤ ያን መሐላ ከማንም አፍ መስማት አትፈልግማ። ጓዳ ገብታ፣ ገና ሕፃን ሳለ በእጇ ፈትላ ለሠርጉ ያስቀመጠችውን ጋቢ አወጣችና ለአበቡ አስታቀፈቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ የደባርቅን መንገድ ማየት ሆነ። የክፍሏ መስኮት ወደ ሰሜን ነው። የክረምት ተማሪዎቿን ጻፉ ትልና ቆማ ታያለች። የጭነት ማኪና ሲመጣ ልቧ ይመታል፣ ማኪናው ያልፋል፣ ልቧ ቦታው ይመለሳል። ናፍቆት ሰው ይገድላል ሲሉ ትስቅ ነበር፤ አሁን ነው የገባት። ለነገሩ ብርድ በመጣ ቁጥር ጋቢው አለ እያለች ትጽናና ነበር።

ባሏ አስማረ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ድሬሰር ነው። ቁስል እያጠበ የኖረ፣ እጁ ለስላሳ፣ አፉ ቁጥብ፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ አስማረ የሚለው ሰው ነው። ከግንቦት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ቃል ጠፋበት። ከሥራ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ደግሞ ይታጠባል፣ ይተኛል። አበቡ ያለችውን ብትነግረው «እግዜር ያውቃል» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ደስ አይልህም እንዴ?» አለችው ተናዳ። «ልጅህ አለ'ኮ ነው የምልህ! ሆስፒታል ምንም የሰማኸው ነገር የለም?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

«እኔ ልሙት» አለ።

ዱሮ እሱም የሚምለው በታከለ ነበር። አሁን በራሱ ማለ። እንኳየሁም፣ እሱም እንደኔ የልጁን ስም ከሞት ጋር ማንሣት ፈርቶ ነው ብላ፣ የዚያን ለት እግሩን አጥባ አስተኛችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የተባለው ለማን እንደሆነ በኋላ ነው የገባት።

መስከረም ጠባ፤ የሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም። መስቀል ሊደርስ ሲል ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ አዋጁን ነገረ። ደመራው ተፈቅዷል። ድሮ ጎህ ሲቀድ ይበራ የነበረው፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት በዋዜማው ከአሥር ሰዓት በኋላ ይበራል። ቤተሰብ ሁሉ ከቀይ ሰንደቁ ኋላ ተሰልፎ ይወጣል፣ መፈክር ያሰማል። ጥቁር መልበስ ክልክል ነው፣ ለፀረ ሕዝብ ማልቀስ ክልክል ነው። በዓሉ ተፈቀደልን ብሎ ያጨበጨበም ነበር፤ ምን ይደረግ።

በነሱ ሰፈር ወግ ችቦ በወንድ ቁጥር ነው። ቤቱ ስንት ወንድ አለው፣ ያን ያህል ችቦ። አባወራው ያስራል፤ ሜዳው ላይም አባወራው ከካህኑ ጧፍ ይለኩስና የቤቱ ችቦ ሁሉ ከእሱ ይለኮሳል። ከቤት የራቀ ወንድ ካለ እናቱ ወይም እቱ ትይዝለታለች፤ የመንገደኛ ችቦ ይባላል። አብርታ ስትዞርለት መንገዱ ይቀናል። ለሞተ ሰው ግን ችቦ አይታሰርም። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

አስማረ በመስከረም አሥራ አምስት ከደጃፍ ተቀምጦ ጭራሮውን ሰብስቦ በልጥ አሰረ። አንድ አሰረ። ተነሣ።

«ምነው አንድ ብቻ?» አለች እንኳየሁ።

«እጄን አመመኝ።»

«እጅህን!» አለች፤ ብዙ ልትለው ብላ ተወችው። ራሷ ቁጭ ብላ የታከለን አሰረች። ችቦ አስራ አታውቅም፤ ወገቡ ላይ ላልቶ እንደ ሰካራም ተንጋደደ። ቢሆንም ችቦ ነው።

ይህን ጊዜ ነው ስንዱ ከበሩ ብቅ ያለችው። ስንዱ የታከለ የክፍል ጓደኛ ናት። ሁለቱ እንዴት እንደሚተያዩ እንኳየሁ አጥታው አይደለም፤ በሆዷ ምራቴ ትላታለች፣ ባፏ ብላት ግን አታውቅም። የስንዱም ወንድም የተወሰደው ከታከለ ጋር ባንድ ቀን ነው።

«እትዬ፣ ነገ ይወጣሉ?»

«ምነው አልወጣ? የልጄን ችቦ ይዤ እወጣለሁ።»

ስንዱ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅ የተወሰደባት፣ ወንድም የጠፋባት ሁሉ ነገ ችቦ ይዛ ትወጣለች። ግን አናበራውም። ሌላው ሲያበራ ደረቁን ከፍ አድርገን በመድረኩ ፊት እንቆማለን። መፈክር የለ፣ ወረቀት የለ፤ ዝም ብለን ነው የምንቆመው። አገሩ ወጉን ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ።»

«ታስሮ የማይበራ ችቦ የማን ነው፣ ስንዱ?»

ስንዱ የተንጋደደውን ችቦ አየችው።

«ንገሪኝ እንጂ! የሙት አይደለም? ልጄን በገዛ እጄ እንድገድለው ነው የመጣሽ?»

«የት እንዳደረሷቸው ይንገሩን ነው የምንለው፣ እትዬ።»

«የኔን አውቀዋለሁ! መካነ ብርሃን ነው። ጋቢዬን ለብሷል። እናንተ ተስፋ ከቆረጣችሁ እኔ ምን ላድርጋችሁ?»

ስንዱ አስማረን አየችው። አስማረ መሬት መሬቱን አየ። ልጅቷ ወደ በሩ ዞረችና «እኔም'ኮ ይናፍቀኛል፣ እትዬ» አለች፤ ወጥታም ሄደች። እንኳየሁ መልሳ ልትጠራት ፈለገች፣ ግን አልጠራቻትም።

በማግሥቱ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ከፊት ቀይ ሰንደቅ፣ ቀጥሎ ጓድ ውዱ በድምፅ ማጉያ፣ ከዚያ ቤተሰቡ በየቤቱ፤ ሴቱ ነጭ ለብሶ፣ ልጁ አደይ አበባ ይዞ። ጓድ ውዱ መፈክሩን ሲለቅ ሕፃናቱ የሚመልሱለት በዘፈን ነው፤ አይ ልጅ! እንኳየሁም የታከለን ችቦ በሁለት እጇ አቅፋ ትሄዳለች። አምና በዚህ መንገድ አብሯት ሲሄድ «እማዬ፣ ነጠላሽ እየተጎተተ ነው» ብሎ ሰብስቦ ትከሻዋ ላይ ያደረገላት ትዝ አላት። ነጠላዋን አየችው፤ ይጎተታል። ተወችው።

ሜዳው ከግንቡ በታች ነው። ደመራው መሐል ላይ ቆሟል፤ በአንድ ወገን ካህናቱ፣ በሌላ ወገን የባለሥልጣኖቹ መድረክ። ከመድረኩ ፊት እነ ስንዱ ዳር ይዘው ቆመዋል፤ አሥራ አምስት ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ የልጅ እናቶች። ችቧቸውን ታቅፈዋል። እንኳየሁ አንገቷን አዞረች።

ማኅሌቱ አለቀ። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጧፉን ይዘው በአባወሮቹ መሐል አለፉ። አስማረ ለኮሰ። ችቦው ቦግ አለ። እንኳየሁ የታከለን ዘረጋችለት።

አስማረ እሳቱን ወደ ላይ አነሣው።

አላየኝም ብላ «አስማሬ፣ ለታከለ» አለች። ተንጠራራች። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ምን ነካህ? አብራልኝ እንጂ!»

«አታብሪው፣ እንኳዬ።»

ፊቱን አየች። ያ ቁጥብ ሰው ፊቱ እንባ በእንባ ሆኗል። ዙሪያው ሁሉ እሳት ነው፣ ዙሪያው ሁሉ እልልታ ነው፣ እሷ ግን የሰማችው የገዛ ትንፋሿን ብቻ ነው። አምስት ወር ሙሉ የሸሸችው መሐላ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«በልጄ ማልልኝ! አለ በለኝ! ታከለ ይሙት በል!»

«የሞተ ሰው ይሙት አይባልም፣ እንኳዬ።»

ችቦውን አልጣለችውም። ለምን እንዳልጣለችው አታውቅም።

«ግንቦት ላይ ሌሊቱን ሆስፒታል ጭነው ካመጧቸው መሐል አገኘሁት» አለ አስማረ። «እኔው አጠብኩት። ከዚያ ወሰዱት፤ የት እንደቀበሩት አላውቅም።»

«አበቡስ?»

«አይቼዋለሁ በያት ያልኳት እኔ ነኝ። እህል እምቢ ብለሽ ልትሞቺብኝ ሆነ። ምን ላድርግ?»

«ጋቢውስ?»

«መሥሪያ ቤት፣ ሣጥኔ ውስጥ ነው።»

እውነቱን እንናገር፣ በዚያች ሰዓት በችቦው አናቱን ልትለው ነበር። ሐምሌን ሙሉ ዝናብ ሲዘንብ ጋቢው አለ እያለች መተኛቷ! ግን እጁን አየች፤ ልጇን ያጠበው እጅ ነው። እሷ ያላገኘችውን እሱ አግኝቶ ነበር። ቀናችበት፣ አዘነችለትም። አንዱን ካንዱ መለየት አቃታት። ዞረችና ወደ መድረኩ ሄደች። ስንዱ ጠጋ አለችላት። እንኳየሁ የተንጋደደውን ችቦ ከፍ አደረገች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ከፍ አደረጉ።

ሜዳው ዝም ማለት ጀመረ። ሰው እየተጠቃቀሰ ያይ ጀመር። መድረኩ ላይ ያሉት ጓድ ውዱን በዓይን ጠቀሱት፤ እሱም የራሱን የሚነድ ችቦ ይዞ፣ ፈገግታውን ለጥፎ ወረደ። ከሁሉም የሚያውቃት እንኳየሁን ነውና ወደሷ መጣ።

«እናቴ፣ ችቦዎ ረጥቦ ነው? ያምጡ እኔ ላብራልዎ።»

«የሙት ችቦ አይበራም፣ ውዱ» አለችው፤ ጓድ አላለችውም። «ልጄ ሞቷል። ታከለ ሞቷል። ዶሮ ስትበላ አጠገብህ ይቀመጥ የነበረው።»

ይህን ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። ድምጿ ያን ያህል ይሰማል ብላም አላሰበችም። ከጎኗ አንዲት አሮጊት «የኔም» አሉ። ስንዱ «ወንድሜም» አለች። ከወዲያ ሌላዋ የልጇን ስም ጠራች። ከዚያ አንዷ አለቀሰች፤ ያ የተከለከለው ልቅሶ ሰልፉን ጥሶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ችቦ ያበራውም ሁሉ ያለቅስ ጀመር። ስንቱ ቤት ታፍኖ ኖሯል እቴ! ውዱ ችቦው ነዶ ነዶ ጣቱን ሲያቃጥለው ጣለው። አስማረም መጥቶ የራሱን ችቦ እርጥብ ሣር ላይ ደፍጥጦ አጠፋና ከሚስቱ ጎን ቆመ።

ያን ቀን ባለሥልጣኖቹ በሕዝብ ፊት እጃቸውን አላነሡም። ግን ሴቶቹን ያሰባሰበችውን ስንዱን እንደማይተዉዋት ሁሉም አውቋልና እንኳየሁ ቤቷ ወስዳ ደበቀቻት። በመስቀል ለት ጠዋት አስማረ ሥራ ገብቶ ወዲያው ተመለሰ፤ በክንዱ ጋቢውን ይዟል። አበቡም ለበዓሉ ገበያ መጥታ ስለነበር በቅሎዎቿን ደጅ አስራ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች።

«ዋሾ!» አለቻት እንኳየሁ። አበቡ አለቀሰች። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚያ እንኳየሁ ጋቢውን ዘርግታ ስንዱን ከራሷ እስከ እግሯ አለበሰቻት። «በይ ሂጂ፣ ምራቴ» አለቻት። ስንዱ እጇን ስማ፣ ከበቅሎዎቹ ኋላ እንደ ገበያተኛ ጎንበስ ብላ የደባርቅን መንገድ ያዘች። እንኳየሁ ከዓይኗ እስክትጠፋ ቆማ አየቻት። የልጇን ሠርግ የምታየው እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር።

ከዚያ በኋላ አበቡ ገብስ ጭና በመጣች ቁጥር ነገሩ አንድ ነው። እንኳየሁ የገብሱን ዋጋ ሳትጠይቅ በሩን ትዘጋለች።

«አየሻት?»

«አየኋት፣ መካነ ብርሃን።»

«በርዷታል?»

«ጋቢው አለ፣ ምን ይበርዳታል።»

እንኳየሁ ግን አንዴ ተታልላለችና ዝም ብላ አታምንም። የአበቡን እጅ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች።

«ስንዱ ትሙት በይ።»

«ስንዱ ትሙት!» ትላለች አበቡ።

ያን ጊዜ እጇን ትለቃታለች።