ያ ድምፅ የኔ አይደለም

ሐምዲያ አብዱረሂም አዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘፋኞችን በድምፅ አጅባለች። ድምጿን ያልሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ አልነበረም። የሠርጉ ዘፈን ተቀባይ፣ የማስታወቂያው ዜማ፣ ዘፋኙ ሲጨርስ ከኋላ ብቅ ብሎ የሚጠፋው ለስላሳ ድምፅ፣ አብዛኛው እሷ ነበረች።

ስሟ የማይጻፈው ሌላ ሰው ከልክሏት አልነበረም። ቃል ገብታ ነው።

የተወለደችው ሸዋ ሮቢት ነው። አባቷ አብዱረሂም የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ዜማ የተማረችው ከአባቷ እህት ከዙልፋ ነበር። ዙልፋ በመውሊድና በሠርግ የሴቶቹን መንዙማ የምታወጣ፣ ከሩቅ የሚታወቅ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ነበረች። ሐምዲያን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቧ እያስቀመጠች፣ "ቃሌ ሲያልቅ አይደለም፣ ትንፋሼ ሲያልቅ ግቢ" ትላት ነበር።

ሐምዲያ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብታ በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲት ጓደኛዋ ዓለሙ ወደሚባሉ የሙዚቃ አቀናባሪ ወሰደቻት። ጋሽ ዓለሙ ኪቦርድ እየመቱ ትንሽ አዘፈኗትና እጃቸውን አቆሙ።

"ይህን አዘፋፈን ከየት አመጣሽው?"

"አክስቴ እንዲህ ነው የምታወጣው።"

ጋሽ ዓለሙ የጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ ሸክላ አጫወቱላት። ሐምዲያ ከእንግሊዝኛው ግማሹን እንኳ አልያዘችም። ዘፋኟ ድምጿን እየጎተተች፣ እየሰበረች፣ እንደገና ስታነሣው ግን እንባዋ መጣ።

"እነሱም ቤት ዙልፋ አለች ማለት ነው" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ዘፋኞችን ማጀብ ሆነ። ወሬው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ አባቷ ራሳቸው ደወሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"መንዙማ ብትይ ጌጤ ነበርሽ። ዘፈን ግን በኔ ስም አይሆንም።"

"ስምዎን የትም አላስጽፍም፣ አባዬ። ቃሌ ነው።"

ቃሏንም ጠበቀች። በየአልበሙ ጀርባ ጊታር የመታው፣ ከበሮ የመታው ሲዘረዘር የእሷ ቦታ ባዶ ይቀራል። የራሷን አልበም እንድትሠራ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋት ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለች። ጋሽ ዓለሙ ያዝኑ ነበር እንጂ አይጫኗትም።

ዙልፋ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሐምዲያ ቀብሯት በተመለሰች በወሩ፣ ታዋቂዋ ድምፃዊት ዮርዳኖስ አልበሟን እየጨረሰች ሳለ ጉሮሮዋ ታመመ። የቀረው አንድ ዘፈን ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ ድምፅ እስከ ጣሪያ የሚወጣበት የመለያየት ዘፈን። አልበሙ የሚወጣበት ቀን ተቆርጧል። ፕሮዲውሰሩ፣ "መጨረሻው ላይ ሐምዲያ ትግባበት፤ ማን ይለየዋል?" አለ። ዮርዳኖስ አንገቷን ደፍታ ተስማማች።

ሐምዲያ ማይኩ ፊት ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። የዮርዳኖስን ድምፅ ልትመስል ነበር የገባችው። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ግን መምሰሉ ቀረና ለዙልፋ ያላለቀሰችው ሐዘን ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀረጸው፤ ድገሚው ያላት ሰው አልነበረም።

ዘፈኑ አገር ምድሩን ያዘ። ሁሉም የሚያነሣው ያንን መጨረሻ ነው። ዮርዳኖስ መድረክ ላይ እዚያ ስትደርስ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ታዞርና ሕዝቡ ይዘፍናል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሸወደችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሬዲዮ ላይ በቀጥታ ሥርጭት ቀረበች። ጋዜጠኛው፣ "እስቲ ያለ ሙዚቃ፣ መጨረሻዋን ብቻ" አላት። 

"አልችልም" አለች ዮርዳኖስ። "ያ ድምፅ የኔ አይደለም። የዘፈነችው ሐምዲያ አብዱረሂም ትባላለች፤ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት። ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው።"

ሐምዲያ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ሰማችው።  የአባቷ ስም በመላው አገር ተጠርቷል። ስልኳ ማቆሚያ አጣ፤ የምትጠብቀው የአባቷ ስልክ ግን በሦስት ቀንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ራሷ ልትሄድ ተነሣች። ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ የቆላው ሙቀት በመስኮት ገባ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ቤት አልሄደችም፤ ቀጥታ ወደ አባቷ የሽንኩርት መጋዘን ሄደች።

አባቷን ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባዬ።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ተቀመጪ።"

"እኔ አላስነገርኩም። ወላሂ አላወቅኩም ነበር።"

"አውቃለሁ።" መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "ያንን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ልጁን አቁም አልኩት። የእህቴን ድምፅ አጥቼው ነበር፤ ሳላስበው አገኘሁት። ያንቺ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ቃል ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። በምን አፌ ልጀምር?" ቀና ብለው አዩዋት። "ዘፈን ዛሬም አልወድም። ያንቺ ድምፅ ግን በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ከዚያ የባሰ ቅር ይለኝ ነበር። በይ፣ ስምሽን አስጽፊ። ከኔም ስም ጋር።"

ሐምዲያ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ፣ "ሰው ይገባል፣ ተነሺ" ይሏት ነበር።

አልበሙን ከጋሽ ዓለሙ ጋር በአምስት ወር ጨረሱት። ግማሹ ሶል ነው፤ ግማሹ ደግሞ የአገሯ የይፋት የሠርግ ዜማ፣ ሶል ከሚጫወት ባንድ ጋር። በወጣ በሳምንቱ ሚኒባሱም ካፌውም እሱን ከፈተ። የመጀመሪያው ኮንሰርት የት ይሁን ሲባል፣ "ሸዋ ሮቢት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፤ እናቶች እንዲመጡ" አለች።

ሜዳው ሞላ። ከደብረ ሲና የመጡት ከሙቀቱ የተነሣ ጃኬታቸውን አውልቀው ያራግባሉ። ሐምዲያ ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ወጣች። ኋላ ካሉት ሦስት አጃቢዎች አንዷ ዮርዳኖስ ነበረች፤ ማንም ሳይጠይቃት ለምና ነው የመጣችው። በመጀመሪያው ዘፈን ሕዝቡ ይጮህ ነበር። በሦስተኛው ዝም ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። ያ የመለያየት ዘፈን ሲደርስ ሐምዲያ ማይኩን ወደ ማንም አላዞረችም። ራሷ ዘፈነችው፤ ጎተተችው፤ ሰበረችው፤ እንደገና አነሣችው። ስትጨርስ ፊት ለፊት ያሉት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ አራት ጊዜ አስደገሟት።

አባቷ ሜዳው ውስጥ አልገቡም። ከአጥሩ ማዶ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ከጎረቤታቸው ከሙሀሲን ጋር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ለባንዱ ሁሉ እራት አበሉ። ዮርዳኖስን አጠገባቸው አስቀመጧት።

"እውነቱን ተናግረሽ ምን አጣሽ፣ ልጄ?"

"ሁለት ኮንሰርት ተሰረዘብኝ፣ አባባ።"

"እና ተጸጸትሽ?"

"ዛሬ ደስ ብሎኝ ዘፈንኩ። እንዲህ ከዘፈንኩ ቆየሁ።"

"ብዪ እንግዲያ" አሉና ሥጋውን ወደ እሷ ገፉላት።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሳቸው ወደ ደሴ ተነሣ፤ እዚያም የኮንሰርቱ ትኬት አልቋል። በመንገዳቸው ባለችው የካራቆሬ ከተማ ባጃጆች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ጥሩምባ እያሰሙ ሸኟቸው። ሐምዲያ መስኮቱን ከፍታ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አውጥታ፣ ከተማው እስኪያልቅ ድረስ እጇን አወዛወዘች።