ዙር የሚበላው ቀይ መስመር

«ቀይ መስመር ዙር ይበላል።»

ይህን የሚለው የመጫወቻ መኪና ውድድር ክበባችን ሊቀመንበር ዴዝመንድ ነው። ከበሩ ሲገባ ይለዋል፤ ኮቱን ሲሰቅል ይለዋል፤ ሻዩ ላይ ወተት ሲጨምር ይደግመዋል። ከእኛ ውስጥ ያልሰማ የለም፣ እሱ ግን ሁልጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወሬው እሁድ ከእሁድ ሥጋ ለበሰ። በየካቲት «አንዳንዴ ይበላል» የነበረው በመጋቢት «ሁልጊዜ ይበላል» ሆነ።

ያንገበገበኝ ወሬ መሆኑ አይደለም። እውነት መሆኑ ነው።

ዙር የሚቆጥረውን ማሽን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሮዝሊን። በሥራ ቀን የአውቶቡስ ጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብሎን እቆጥራለሁ። ኤሌክትሮኒክስ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሞቱ ራዲዮኖችን ሆዳቸውን እየከፈትኩ፣ ጣቴን እያቃጠልኩ የተማርኩት ነው። ስለዚህ በጥር ስብሰባ ላይ ዴዝመንድ «ዙር ቆጣሪ ከሱቅ እንግዛ» ሲል ተነስቼ፣ «ለምን ይገዛል? እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

የምንወዳደረው በስካውቶች አዳራሽ ነው። መንገዱ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ አራት ቀጫጭን ስንጥቆች ተቦርቡረውበታል፣ በየስንጥቁ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የመዳብ ጥብጣብ ተለጥፏል። መዳፍ የምታህል መኪና አፍንጫዋን ስንጥቁ ውስጥ ሰክታ ትበራለች። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፤ አራት መስመር፣ አራት ነጂ፣ አራት ደቂቃ። ከዚያ መስመር እንቀያየራለን፤ አራቱንም ሳይነዳ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የማይነዳ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ቆሞ የወደቀ መኪና ያነሳል፤ ሊቀመንበርም ቢሆን።

እስከ ጥር ድረስ ዙር የሚቆጥሩት ዊልፍ ብቻ ነበሩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዙሩ ከሚያልቅበት ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መኪና ባለፈ ቁጥር በእርሳስ አንድ ጭረት ይጭራሉ። አራት መኪና አንድ ላይ ቢያልፍ እንኳ እጃቸው አይሳሳትም። እኔም እንደ ሁሉም ሰው የዊልፍን እርሳስ አምናለሁ።

የእኔ አሠራር ቀላል ነው። ከየስንጥቁ ሥር የብርሃን ዓይን ቀብሬያለሁ፤ ከላይ መንገዱን በሚሻገር ትንሽ ድልድይ ላይ መብራት ዘርግቻለሁ። መኪናዋ ስታልፍ ጥላዋ ዓይኑ ላይ ያርፋል፣ ኮምፒውተሩ አንድ ይላል። ሦስቱ መስመሮች ከዊልፍ ጭረት ጋር ዝንፍ አይሉም። ቀይ ግን ሁልጊዜ በአንድ ያንሳል። ሁለት ቢያንስ፣ አንዳንዴ ቢያንስ፣ ብቻ ባህሪው ቢለዋወጥ ኖሮ አውቅበት ነበር። ይሄ ግን አንድ ነው። ችክ ያለ አንድ።

የቀይን ዓይን ነቅዬ በሰማያዊ ቀየርኩት። ቀይ አሁንም በአንድ አነሰ። ሽቦዎቹን አፈራረቅኩ፤ ያው። ፀሐይ ይሆናል ብዬ መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩ፤ አዳራሹ ጨለመ፣ ሰው ሁሉ ተነጫነጨ፣ ቀይ አነሰ። ከመኪኖቹ የሚረግፈውን የመዳብ ብናኝ በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩ። ፕሮግራሙን ከዜሮ ጀምሬ ጻፍኩት። ቅዳሜ ብቻዬን መጥቼ ቀይ ላይ አንዲት መኪና ሁለት መቶ ዙር ነዳሁ፤ ማሽኑ ሁለት መቶ አለ። እሁድ ውድድር ሲሆን፣ እኔ መታጠፊያው ላይ ጎንበስ ብዬ የሰው መኪና ሳነሳ፣ ዊልፍ ወረቀታቸውን ቀና አድርገው «የኔ ልጅ፣ ቀይ እኔ ጋ ሠላሳ አምስት ነው» ይላሉ። ማሽኔ ሠላሳ አራት።

«ሮዝ፣ ማሽንሽን ቁርስ አላበላሽውም እንዴ?» ይላል ዴዝመንድ።

«ያንተን መኪና እንደማይበላ እወቅ። ግድግዳ ስትልስ ስለምትውል አቧራ አቧራ ትላለች።»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን ትራሴን በቡጢ እመታለሁ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። የግንቦቱ የአውራጃ ውድድር ወደ እኛ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ወይ እኛ ወይ የኦርምስሊ ክበብ ሰዎች እናዘጋጃለን። የአውራጃው ማኅበር ደንብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ የሙከራ ውድድር ላይ የማሽኑ ቆጠራ ከእጅ ቆጠራ ጋር እኩል መሆን አለበት። ተቆጣጣሪዋ ሚስስ ታል እሁድ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ። ቢሳካ ግንቦት የእኛ ነው። ባይሳካ፣ ክበቡ በሙሉ ውድድሩን ያጣው በእኔ አፍ ምክንያት ነው።

በዋዜማው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር ብጨምር፣ «ቀይ ከሆነ አንድ ደምር» ብል፣ በቃ። ማን ያውቃል? ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ላፕቶፑን ጠረቀምኩት። እኔ የሠራሁት ዕቃ አይዋሽም። ቢሰበር ይሰበር እንጂ አይዋሽም።

በዚያ ፈንታ የመጨረሻ ጥርጣሬዬን ያዝኩ። አንድ ዙር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የሚጠፋው ሲነሱ ነው፤ አራቱ ሞተሮች በአንድ ጊዜ ኃይል ሲጎትቱ የቀይ ዓይን ለቅጽበት ይታወራል ማለት ነው። እሁድ ጠዋት ለቀይ ዓይን የብቻው ባትሪ ሰጠሁት። ብየዳው ሲደርቅ እፍ አልኩበት። ፍጹም ትክክል ነበርኩ። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሚስስ ታል ረጅም ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ማሽኑን ገልብጠው አዩት።

«ማን ነው የበየደው?»

«እኔ ነኝ።»

«ንጹሕ እጅ አለሽ» አሉ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ዴዝመንድ እንዳልሰማ ሆኖ ብስኩቱን ቆረጠመ።

ውድድሩ ተጀመረ። አራቱ መኪኖች እንደ ተቆጣ ንብ ተነሱ። እኔ መንገዱን አላየሁም፤ ዓይኔ የቀይን ባትሪ በሚለካው መሣሪያ ላይ ተተክሏል። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሲነሱም፣ ሲታጠፉም፣ አንዱ ወድቆ ሲነሳም። በልቤ «ያዝኩህ» አልኩ።

አራት ደቂቃው አለቀ። ሚስስ ታል ከእኔ ማሽን ላይ አነበቡ። «ሰማያዊ ሠላሳ ሦስት።»

«ሠላሳ ሦስት» አሉ ዊልፍ።

«ነጭ ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አራት።»

«ቢጫ ሠላሳ።»

«ሠላሳ።»

«ቀይ ሠላሳ አንድ።»

ዊልፍ ወረቀታቸውን አዩ። ደግመው አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን የእውነት ነበር። «ሠላሳ ሁለት ነው፣ የኔ ልጅ። አዝናለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ከአራቱ መስመር ሦስቱ ትክክል ቢሆኑም ደንብ ደንብ ነው» አሉ ሚስስ ታል። በሩ አጠገብ ቆመው ስልክ ደወሉ፤ «ኦርምስሊ? አዎ፣ እናንተ ናችሁ። ማስታወቂያው ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። እጄን ጨበጡኝና ሄዱ። የመኪናቸው ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ዴዝመንድ ዝም አለ፤ ያንን ያህል መቻሉ አስገርሞኛል።

«ቀይ መስመር…»

«ዴዝመንድ፣ ጨርሰውና በዚህ ጉጠት ምላስህን እነቅለዋለሁ።»

አልጨረሰውም።

ሌሎቹ መንገዱን አጥፈው ግድግዳ ላይ ለማቆም ብሎኖቹን ሲፈቱ፣ እኔ አራቱን ዓይኖች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ቀዩን ስነቅል ሽቦው ተበጠሰ፤ ግድ አልሰጠኝም። ሳጥኑን ይዤ ዊልፍን ልሰናበት ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ። ለሚቀጥለው እሁድ ወረቀት እያዘጋጁ ነበር። በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመሩ። በየዓምዱ ራስ ላይ የቀለሙን ስም ጻፉ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ በቀይ ዓምድ ውስጥ አንድ ጭረት ጫሩ። ወረቀቱን ገልብጠው የሚቀጥለውን ጀመሩ፤ አራት ዓምድ፣ አራት ስም፣ ቀይ ላይ አንድ ጭረት።

«ዊልፍ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይሄ ጭረት። ውድድሩ ገና ሳይጀመር።»

«እሱማ የክላረንስ ዙር ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። ክላረንስ መንገዱን የሠራው ሰው ነው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። «በሰማንያ ስምንት የቀይ ጥብጣብ ከወዲያኛው መታጠፊያ ላይ ተላቀቀና መኪኖቹ ይቆሙ ጀመር። እስኪጠገን ለቀይ አንድ ዙር ይመረቅለት አለ ክላረንስ። ሁሉም ሰው ተራው ደርሶት ቀይ ላይ ስለሚነዳ ማንም አልተቆጣም። የነገረሽ የለም እንዴ?»

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጥብጣቡ መቼ ተጠገነ?»

ዊልፍ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጣሪያውን እያዩ አሰቡ።

«በዚያው ሳምንት መሰለኝ። አዎ፣ ሐሙስ።»