የዳሌ ማፍታታት ንቅናቄ

አቶ ኃይለ ሚካኤል ቁይ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከስብሰባ ስብሰባ ሲቀመጡ ኖረው ዳሌያቸው ደረቀ። ከወንበር ሲነሡ ያቃስታሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰግደው ለመነሣት የሰው ትከሻ ይፈልጋሉ። ሲብስባቸው ደብረ ማርቆስ ሄደው የኔዓለም በምትባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታዩ።

የኔዓለም አስተኝታ እግራቸውን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰችው። "ጋሼ፣ ጉልበትዎ ደህና ነው። የተሳሰረው የዳሌዎ ጡንቻ ነው" አለቻቸው። በጀርባቸው እንደተኙ የቀኝ ቁርጭምጭሚታቸውን ግራ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና ግራ ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው እንዲስቡ ነገረቻቸው። "መቀመጫዎን ሲወጥርዎ ጥሩ ነው። ጉልበትዎን ከወጋዎት ግን ወዲያው ይልቀቁ። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል እንጂ አይጠመዘዝም። የሚዞረው ዳሌ ነው። ዳሌ እምቢ ሲል ጣጣው ጉልበት ላይ ይወድቃል።"

"ይኸው ብቻ?"

"ይኸው ነው። ጠዋትና ማታ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ። በጉልበት አይሆንም፣ ጋሼ።"

ቅኔው አልገባቸውም። እሳቸውን የከነከናቸው፣ አንድ ኃላፊ ወለል ላይ እንደ ሕፃን ተንጋሎ እግሩን ማቀፉ ነበር። በሚኒባስ ሲመለሱ ስልካቸው ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ አዩ። ሁለቱንም እግሮቹን አጣጥፎ፣ ውስጥ እግሮቹን ጭኖቹ ላይ ሰቅሎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ለኃላፊ የሚመጥን እንዲህ ያለው ነው አሉ በልባቸው።

በማግስቱ የዕቅድ ባለሙያውን ወልደ ገብርኤልን ጠርተው የዳሌ ማፍታታት ንቅናቄ እንዲያዘጋጅ አዘዙት። ወልደ ገብርኤል በሦስት ቀን ውስጥ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ባነር አሠራ፣ "መቶ በመቶ የተፍታታ ሠራተኛ" የሚል ግብም ጣለ። ሪፖርቱንም ጽፎ ጨረሰ፤ የቀረው ቀኑን መሙላት ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሹ ወለል ላይ ተቀመጠ። አቶ ኃይለ ሚካኤል መድረኩ ላይ ሆነው ቀኝ እግራቸውን እንደምንም ጭናቸው ላይ ሰቀሉ። ግራው እምቢ አለ። የመዝገብ ቤቷ ማንጠግቦሽ ከፊት ነበረችና "ጋሽ ኃይለ ሚካኤል፣ ጉልበትዎ አየር ላይ ነው፤ ቢተዉት ይሻላል" አለቻቸው።

"ለውጥ ሕመም አለው" አሉና በሁለት እጃቸው ጎትተው አስገቡት።

የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ግን ትንፍሽ አላሉም። ሠራተኛው ዝምታቸውን የሥልጠናው ክፍል መስሎት ዝም አለ፤ አንዳንዱም እንደሳቸው ፊቱን አኮማተረ። ወልደ ገብርኤል ፎቶ አነሣ። በመጨረሻ ማንጠግቦሽ ተነሥታ "ሰውዬው እኮ መፍታት አቅቷቸው ነው" አለች። ለአራት ሆነው ፈቷቸውና በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው፤ ከዚያም እንደገና የኔዓለም ዘንድ ተላኩ።

የጉልበታቸው ጅማት ተጎዳ እንጂ አልተበጠሰም። የኔዓለም አልተቆጣችም።

"ያሳየሁዎትን ስንት ቀን ሠሩት?"

"አንድም ቀን" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

እብጠቱ ጎድሎ እሷ እስክትፈቅድላቸው ጠበቁ። ከዚያ ቢሯቸው ውስጥ ሰሌን አንጥፈው፣ በሩን ቆልፈው፣ የነገረቻቸውን ብቻ ይሠሩ ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ሰግደው ብቻቸውን ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ በሩን መቆለፍ ተዉ።

ሪፖርቱ ግን የበላይ መሥሪያ ቤት ደርሶ ተመስግኖ ኖሮ፣ ከደምበጫ መሥሪያ ቤት ስድስት ሰዎች ልምድ ሊቀስሙ መጡ። ወልደ ገብርኤል "ፎቶውን ብቻ እናሳያቸው" ብሎ መከረ። አቶ ኃይለ ሚካኤል አልሰሙትም። እንግዶቹ ፊት ሰሌኑ ላይ ተንጋለው እግራቸውን እያቀፉ፣ ጉልበታቸውን እንዴት እንደጎዱ ሳይደብቁ ነገሯቸው። እንግዶቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ጻፉ።

በሳምንቱ ደምበጫ ላይ የቀረበው ሪፖርት ስለ ዳሌም ስለ ጉልበትም አያወራም። "የቁዩ ኃላፊ እንግዳ የሚያነጋግሩት ተኝተው ነው፤ አሠራሩ በእኛም ዘንድ እንዲሰፋ" ይላል። ሰሌን የሚያስተባብር ኮሚቴም ተቋቋመ።